ከእንጦጦ ማርያም ባሻገር ያለው ካብ

አጎቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መኪና ውስጥ ከኋላ አይቀመጡም። ጋቢና ካልተሰጣቸው ጉዞው ቢቀር ይሻላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ስለዚህ እሳቸውን ይዞ መንዳት ከመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ጋር እንደ መንዳት ነው። "ይቺ ኩርባ ጠባለች።" "እዚህ ጋ የውሃ መውረጃ ረስተዋል።" "ይሄን ዳገት ማነው እንዲህ ያቆመው?" እኔ መሪ እይዛለሁ፣ እሳቸው አስፋልቱን ይገመግማሉ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ እሳቸውንና የእህቴን ልጅ ጭኜ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ልጅቷ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። እንጦጦ ፓርክ የምንሄድ መስሏት ነጭ ጫማ አድርጋ መጥታለች። እኔ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። ከእንጦጦ ማርያም በስተምሥራቅ፣ ወደ ዋሻ ሚካኤል አቅጣጫ ባለው ተራራ ላይ የድሮ ምሽግ ፍርስራሽ አለ። እሱን ለማየት ነበር።

ስለ ቦታው ያነበብኩት ቢሮ ውስጥ በምሳ ሰዓት ስልኬን ስነካካ ነው። ባለ አምስት ማዕዘን ግቢ። 12 ማማዎች። 520 ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ግንብ፣ ቁመቱ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር። ቦታው ከነዙሪያው በጠቅላላ 30 ሄክታር። ፈረንጆቹ ከቅርጹ ተነስተው "ፔንታጎን" ብለውታል። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቁጥር ሳይ ዓይኔ ይቆማል። አዲስ አበባ ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ተምሬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከራስጌዬ መኖሩን አንድም አስተማሪ አልነገረኝም። የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ጎንደርን ነው።

ለአጎቴ በስልክ ስነግራቸው ሳቁብኝ።

"እንጦጦ ላይ ከምኒልክ በፊት ምን ነበር? ጅብ!"

"ጋሼ፣ ተጽፏል እኮ።"

"የተጻፈ ሁሉ ቢቆም ኖሮ ይሄ አገር በመንገድ ይጥለቀለቅ ነበር።"

እንግዲህ ሙግቱ መሬት ላይ ይለይ ብለን ነው የሄድነው።

ከአያት ተነስተን፣ በመገናኛ አድርገን፣ ስድስት ኪሎን አልፈን ሽሮ ሜዳ ደረስን። እዚያ አጎቴ ጋቢ ካልገዛሁ ብለው አቆሙኝ። ቤታቸው ሦስት ጋቢ አለ። ቢሆንም ሽሮ ሜዳን ሳይከራከሩ ማለፍ አይችሉም፤ ተከራክረው ተከራክረው ሳይገዙ ወጡ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ጀመረ። የኔዋ ቪትዝ ጎበዝ ናት፣ ግን ዕድሜዋን ታውቃለች። በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ፣ ከላይ ደግሞ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው እየወረዱ ያልፉናል። እኛ ሞተር ይዘን ከምንወጣው እነሱ በእግራቸው የሚወርዱት ይፈጥናል።

እንጦጦ ማርያም ጋ ብዙ አልቆየንም። ተሳልመን፣ አጎቴ ለልጅቷ "ምኒልክ የነገሡት እዚህ ነው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም." አሏት። እሷም "እዚህ? ለምን ከታች አልሆነም?" አለች። ጥያቄዋ የዋዛ አልነበረም፣ መልሱን ያገኘነው ግን ቆይተን ነው።

አስፋልቱን ትተን ትንሽ ከሄድን በኋላ መንገዱ ለቪትዝ የሚሆን አልሆነም። አንድ ቤት አጠገብ አቆምንና ባለቤቶቹን እንዲያዩልን ለመንን። ከዚያ ወዲያ በእግር። የእንጦጦ አየር ቀጭን ነው፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ግድም ነው። ከተማ ውስጥ ደረጃ የማልፈራ ሰው ነኝ የምል እኔ፣ አሥር ደቂቃ ሳልሄድ ትንፋሼ አጠረ። አጎቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያፏጫሉ።

በግ የሚጠብቅ አንድ ልጅ አገኘን። እኔ በአማርኛ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። አጎቴ በኦሮምኛ ገቡ። በሱሉልታና በፍቼ በኩል ድንኳን ጥለው መንገድ ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ኦሮምኛው የቤታቸው ነው። ልጁ ወዲያው ፊቱ ፈካ። የእናቱን ደኅንነት፣ የበጎቹን፣ የዝናቡን ሁሉ ተጠያየቁ። እኔ በመሃል ስንት ጊዜ ሰዓቴን እንዳየሁ። በመጨረሻ ልጁ በዱላው ወደ ባሕር ዛፉ አመለከተና ቀደመን።

ካቡ እንዲህ ነው ብዬ ለመግለጽ ይቸግረኛል። ፋሲል ግቢን በልባችሁ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ። በር የለም፣ ጣሪያ የለም፣ ቅስት የለም። መጀመሪያ የምታዩት ቁጥቋጦ ነው። ከዚያ ቁጥቋጦው ሥር ድንጋይ። ከዚያ ድንጋዩ መስመር እንዳለው ትገነዘባላችሁ። መስመሩ ደግሞ አይቆምም። ዓይናችሁ ሲለምደው አንዱ ጋ እስከ ጉልበት፣ አንዱ ጋ ከሰው በላይ ይሆናል፤ የድንጋይ ሽበት፣ ማለቴ ያ ግራጫ ቅርፊት፣ ሙሉ በሙሉ አልብሶታል። ባሕር ዛፍ መሃሉ ላይ በቅሎ ሥሩ ድንጋዩን እየገፋ ያወርደዋል። ባሕር ዛፍ እዚህ አገር የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ካቡን አሁን እያፈረሰ ያለው ከካቡ ብዙ መቶ ዓመት የሚያንስ ዛፍ ነው ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ዞር ዞር ብላ አየች።

"አክስቴ፣ መግቢያው የት ነው?"

"ገብተሻል እኮ።"

"ትኬት የለም? ታፔላም የለም?"

እኔ ባየሁበት በኩል አልነበረም። ምን እንደሆነ የሚል አንድ ቆርቆሮ እንኳን። ነጭ ጫማዋ በዚያን ጊዜ ነጭ መሆኑን አቁሟል።

አጎቴ ግን ዝም ብለዋል። እሳቸው ዝም ካሉ እየሠሩ ነው። ካቡን ይዘው መሄድ ጀመሩ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እርምጃ እየቆጠሩ ነው። "የኔ እርምጃ ሰማንያ ሳንቲም ናት፣ አርባ ዓመት ሞክሬያታለሁ" ይላሉ ሁልጊዜ። እሾህ እስኪያግዳቸው ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ማዕዘን የመሰለ ቦታ ላይ ቆመው እጃቸውን እንደ መስቀል ዘርግተው አቅጣጫ ለኩ። መሣሪያ በሌለበት ጊዜ እንዲህ ነበር የምናደርገው አሉኝ በኋላ።

"520 ሜትር ነው ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"አምስቱም ጎን እኩል ነው ብንል አንዱ መቶ ሜትር ግድም ይወጣል። ይሄ ማዕዘን ደግሞ ዘጠና ዲግሪ አይደለም፣ ሰፋ ያለ ነው።" ትንሽ አሰቡ። "ይሄን ገበሬ ለከብት አልሠራውም።"

ከአጎቴ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጅቡ ተረሳ።

በዚህ መሃል ከላይ በኩል ሦስት እናቶች ሸክም ይዘው መጡ። አንዷ ካቡ ወገቧ ድረስ በሚደርስበት ቦታ ጀርባዋን ሰጥታ ሸክሟን ድንጋዩ ላይ አሳረፈች። ሌሎቹም ተከተሏት። ቦታውን ያውቁታል፣ ድንጋዩ ላይ ሸክም የሚቀመጥበት ጋ ሽበቱ ተፍቆ ለስልሷል። እኔ ስለ ነገሥታት ላወራ የመጣሁ ሰው፣ ካቡ ዛሬም ሥራ ላይ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

"እናቴ፣ ይሄ የማን ነው ይባላል?" አልኳት ትልቋን።

"የድሮ ሰው ነዋ። የንጉሥ ግቢ ነበር ይላሉ።"

"የትኛው ንጉሥ?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ማንም ይሥራው ነፍሱን ይማረው፤ እዚህ ጋ ካላሳረፍን እስከ ታች ወገባችን አይችልም።"

አጎቴ በሶአቸውን ከፍተው ለሁሉም አካፈሉ። እሳቸው ራሳቸው ግን አልተደሰቱም። "በጥቅምት አንድ አጥንት ነው የተባለው፣ አንድ ጭብጥ በሶ ያለ የለም" ብለው ወደ እኔ አዩ። ምሳ ይዤ ባለመምጣቴ ነው። እኔ ፓርኩ ውስጥ ካፌ አለ ብዬ ነበር፣ እዚያ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ሲሰሙ ነው ራሳቸው በሶ የቋጠሩት። እንግዲህ ይፍረዱ።

እናቶቹ ሲሄዱ ስልኬን አውጥቼ ያነበብኩትን በሙሉ ነገርኳቸው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠራ። የኢትዮጵያ ክፍሉ የሚገርም ነው። አዋሽ አለ፣ ዝቋላ አለ። በዝቋላና በመናገሻ መካከል ደግሞ ባራራ የምትባል ከተማ አለች፤ ይህ ምሽግ የእሷ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። መነኩሴው ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም። ከየት አመጣው ቢባል፣ የአገሩ ተወላጆች አውራጃዎቹንና ከተሞቹን በእጃቸው ስለው እንዳሳዩት ራሱ ጽፏል። በዚያን ጊዜ የእኛ መነኮሳት ኢየሩሳሌምም ሮምም ይመላለሱ ነበር፤ በ1441 ፍሎረንስ የተደረገው ጉባኤ ላይም ተገኝተዋል። እና ካርታውን ስታዩት ግራ ይገባችኋል፣ ምክንያቱም ደቡብ ከላይ ነው።

አጎቴ ስልኩን ነጥቀው ገለበጡት። "ትክክል ነው እኮ! ከዚህ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚያይ ሰው እንዲህ ነው የሚታየው።" ቆመው በጣታቸው ማሳየት ጀመሩ። ያው ዝቋላ፣ ለብቻው ጉች ያለው። በግራ የረር። በቀኝ ወጨጫ። ፉሪም ያው። አየሩ የጥቅምት አየር ነው፣ ዝናቡ አጥቦት አቧራው ገና አልተነሳም፤ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሥራችን ደግሞ አዲስ አበባ፣ የባንክ ሕንፃዎቿን ወደ ላይ ዘርግታ።

ታሪኩ ግን ሰላማዊ አይደለም። በመጋቢት 1521 ዓ.ም. አፄ ልብነ ድንግል ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ እኛ ግራኝ በምንለው፣ ጦር ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ከአሥር ዓመት በላይ ሲሳደዱ ኖረው ደብረ ዳሞ ላይ አረፉ። ሸዋ ውስጥ የነበረው አብያተ ክርስቲያንና የነገሥታት ግቢ አብዛኛው በዚያ ጦርነት ጠፋ። የኢማሙ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ከሚያነሳቸው ቦታዎች ውስጥ ባራራ አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ ስሟ ከአፍ ጠፋ። ፋሲል ጎንደርን ሲመሠርት ከሽምብራ ኩሬ ውጊያ መቶ ዓመት አልፎ ነበር።

"ቆይ፣" አሉ አጎቴ፣ "የዚያን ጊዜ ነገሥታት በድንኳን ነበር የሚዞሩት አይደል እንዴ?"

ልክ ናቸው። በ1512 ዓ.ም. አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ልብነ ድንግልን ያገኛቸው በድንኳን ሰፈር ውስጥ ነው። ንጉሡ ሲነሣ አገሩ አብሮት ይነሣል። ታዲያ ድንኳን ላይ የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ድንጋይ ምን ሊያደርገው?

ይህን ጥያቄ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መለሱት። "እኛም በድንኳን ነበር የምንሠራው። ድንኳኑ ይዞራል። ዋናው ካምፕ ግን አይዞርም። ማሽኑ፣ ነዳጁ፣ ሲሚንቶው፣ የደመወዝ ሣጥኑ አንድ ቦታ ይቀመጣል። ለእሱ ደግሞ አጥር ይሠራል።" ይህ ማስረጃ አይደለም፣ የአንድ ቀያሽ ግምት ነው። እኔ ግን ካነበብኳቸው ግምቶች ሁሉ በልጦብኛል።

ከዚያ ወደ ሸንተረሩ ጫፍ ወሰዱን። በሰሜን በኩል የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል። "እዚህ የሚዘንበው ዝናብ በዚህ በኩል ከወረደ ዓባይ ይገባል። በዚያ በኩል ከወረደ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ።" ሰው ሁለት አገር የሚያይበት ቦታ ነው ማለታቸው ነው። ከደቡብ የሚመጣውን ጦር ታያለህ፣ ከሰሜን የሚመጣውን ስንቅ ታያለህ። ውሃው ግን ወደ ሁለቱም ጥሎህ ይሄዳል፤ ጫፍ ላይ የሚቆይ ውሃ የለም። እንጨትም ያልቃል። ምኒልክም ከዚህ የወረዱት ለዚህ ነው፤ ብርዱና የማገዶው ነገር አስመርሯቸው ጣይቱ የወደዱት ፍልውሃ አጠገብ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች።

የልጅቷም ጥያቄ መልስ አገኘ። ለምን እዚህ? ምኒልክ እንጦጦን ሲመርጡ ቦታው ድሮ የአፄ ዳዊት ከተማ ነበር የሚል ትውፊት ይዘው እንደነበር ይነገራል። የትኛው ዳዊት? ልብነ ድንግልም ዳግማዊ ዳዊት ይባሉ ነበርና ትውፊቱ ሁለቱንም ይሸከማል። የትኛውም ይሁን፣ ምኒልክ ባዶ ተራራ ላይ አልሰፈሩም። የቀድሞዎቹን ፈለግ ብለው ነው የመጡት። እኛ ነን ከእሳቸው የጀመርነው። የከተማችንን ልደት ስናከብር፣ ባነር ስንሰቅል፣ ሁሉ ነገር 1879 ላይ ይጀምራል። የተራራው ሰዎች ግን ሸክማቸውን የሚያሳርፉት ከዚያ በሚበልጥ ድንጋይ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ፓርኩን አልጠላም፤ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ ነበርኩ፣ ልጅቷንም ስንት ጊዜ ወስጃታለሁ። ግን በገመድ የሚንሸራተቱበት ቦታ ባለበት ተራራ ላይ "ይህ የድሮ ምሽግ ነው፣ ድንጋይ አትንቀሉ" የሚል አንድ ጽሑፍ ማቆም ምን ያህል ይከብዳል? አጥር ይታጠር አላልኩም። አጥር ከታጠረ ትኬት ቆራጭ ይመጣል፣ ትኬት ቆራጭ ከመጣ እነዚያ እናቶች ዞረው እንዲያልፉ ይደረጋሉ። አንድ ታፔላ፣ አንድ ጥበቃ፣ ግንቡ ላይ የበቀለውን ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ ሰው። በቃ። ካፌ አያስፈልገውም። (አጎቴ እዚህ ላይ አይስማሙም፣ ካፌው ቢኖር በሶ አይበሉም ነበር።)

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ነጭ ጫማ አታድርጉ። ከመፀው እስከ በጋ ሂዱ፣ ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ጉሙም ዝቋላን ይሸፍንባችኋል። የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ አትግቡ፤ ለሚመራችሁ ልጅ ደግሞ የሚገባውን ስጡት። ድንጋይ ላይ ወጥታችሁ ፎቶ አትነሱ፣ ሥሩ የላላ ነው። ጉልበት ካላችሁ በዚያው ዋሻ ሚካኤልንም እዩ። እሱ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰዉ ከአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ነው ይላል፣ ባለሙያዎቹ ወደ 12ኛውና 13ኛው ክፍለ ዘመን ያመጡታል። እኛ ያን ቀን አልደረስንበትም፣ ልጅቷ እግሬ አለች።

ስንመለስ መኪናዋ እንዳለች አገኘናት። የእህቴ ልጅ ከኋላ ተቀምጣ ቪዲዮዋን ቲክቶክ ላይ ለመልቀቅ ስትቆርጥ ነበር። አጎቴ በአምስት ማዕዘኑ መሃል ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ሲለኩ የሚያሳየውን መርጣለች። እሳቸው ግን ሐሳባቸው ሌላ ጋ ሄዷል። ተመራማሪዎቹ ሃርትዊግ ብሬተርኒትስና ነፍሱን ይማረው ሪቻርድ ፓንክረስት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ባወጡት ጥናት ከወጨጫ እስከ የረር ያለውን ምድር ባራራን ፍለጋ እንዳሰሱ ነግሬያቸው ነበር። የድሮ ሰፈር ምልክት ያለው እዚህ እንጦጦ ላይ ብቻ አይደለም።

"እና የረርም አለ?"

"የረር በኩልም ፈልገዋል ጋሼ።"

"ታዲያ ሳናየው እንዴት እንጦጦ ነው ብለን እንፈርዳለን? ሁለቱንም መለካት ነው እንጂ።" መስኮቱን ዝቅ አድርገው የሽሮ ሜዳን ቁልቁለት ገመገሙ። "በዚች መኪና ግን አይሆንም። ያ ጎረቤትሽ ፒክአፕ አለው አይደል? ነዳጁን እኔ እችላለሁ በዪው። ሥጋውን ግን አንቺ ትገዣለሽ።"